ከጎመን ምንቸት ወደ ገንፎ ምንቸት፦ ወቅትን ተከትሎ መብላት በኢትዮጵያ ምን ማለት ነው?

«ወቅቱ ያፈራውን ብሉ» የሚለው ምክር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጤና ዝግጅቶችም በማኅበራዊ መገናኛዎችም በአማርኛ ተደጋግሞ ይሰማል። ምክሩ በመሠረቱ ጥሩ ነው። በጊዜው የደረሰ አትክልትና ፍራፍሬ ይረክሳል፣ ይጣፍጣል፤ ከሩቅ ተጭኖ ወይም ብዙ ቀን ተቀምጦ ከሚመጣውም ይልቅ ንጥረ ነገሩ ሳይጎዳ ይደርሰናል። ይሁን እንጂ ምክሩ የተቀዳው በረዶ ከሚጥልባቸውና ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ብርዱን ከሚጠብቅባቸው አገሮች ነው፤ በእነዚያ አገሮች ወቅትን የሚለዩት ብርድና የቀኑ ርዝመት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ወቅትን የሚሠራው ዝናብ ነው፤ ዝናብ የሚሠራው ወቅት ደግሞ ለማዕድ ያለው ትርጉም ሌላ ነው። መሬቱ እጅግ የለመለመበት ጊዜና ቤቱ የጠገበበት ጊዜ አይገጥሙም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያውም ተቃራኒ ናቸው።

ይህን ልብ ያለ ሰው «ወቅቱን ተከትሎ መብላት» የሚለውን ሐሳብ በኢትዮጵያ ሁኔታ እንደገና ማሰብ ይኖርበታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የአገሩ የወቅት ጥበብ መሠረቱ ትኩሱን መብላት አልነበረም፤ በጥጋቡ ወር ያገኙትን ለጎደለው ወር ማቆየት ነበር። ዛሬ በከተማው የምናየው የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ መዋዠቅም ሆነ በገጠሩ በየዓመቱ የሚመለሰው የክረምት ችግር ዋና ምክንያቱ ከዚሁ ከማቆየቱ መላላት ጋር የተያያዘ ነው።

ክረምትን እንውሰድ። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ነው። ሐምሌ ሲጋመስ ደጋው በሙሉ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ወንዙ ይሞላል፤ ከመኪና መስኮት ለሚያየው መንገደኛ አገሩ የተትረፈረፈ ይመስላል። ለገበሬው ግን የአምናው እህል ከጎተራው ተሟጦ፣ ከቀረውም የተሻለው ለዘር ወጥቶ መሬት የገባበት ጊዜ ነው። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ስንዴውም ገና ቡቃያ ነው። የእርሻው፣ የዘሩና የአረሙ ሥራ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ ሰውነት ብዙ ጉልበት በሚያወጣበት ጊዜ ሌማቱ ይሳሳል። በዚህ መካከል ቶሎ የሚደርሰው የጓሮ ጎመን ነው፤ ዝናቡ ጥቂት እንደጣለ ያቆጠቁጣል፣ ቢቀነጠብም መልሶ ያድጋል። በመስከረም በዓላት «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ የሚሸኘውም የጎመኑ ጣዕም ተጠልቶ አይደለም፤ ብቻውን የተበላበት ጊዜ ስላለፈ ነው። ዛሬ ጎመን የጤና ምግብ ተብሎ ሲወደስ ያንን ምንቸት የሚያስታውሱ አረጋውያን ፈገግ ቢሉ አይፈረድባቸውም።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል፤ ከነሐሴ 13 በኋላ ዝናቡ ባይቆምም ተስፋው ይለወጣል። የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ይጠበሳል፣ ይቀቀላል። በመስከረምና በጥቅምት የባቄላና የአተር እሸት ይከተላል። በትግራይ ከሰኔ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መጨረሻ የሚደርሰው በለስ ለብዙ ቤተሰብ የዚያን ክፍተት ድልድይ ሆኖ ኖሯል፤ አዲስ አበባም በክረምት በለስ ተልጦ የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። እሸት እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ያልደረሰ ሰብል ነውና ችግር የጸናበት ቤት እሸቱን አብዝቶ በበላ ቁጥር ለጎተራው የሚገባው ይቀንሳል።

እውነተኛው የጥጋብ ወቅት ክረምትን ተከትሎ የሚመጣው መፀው ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሣሩ ይጠነክራል፣ ላሞች ወተት ይጨምራሉ፣ ቅቤ ወደ ገበያ ይወጣል። አደይና ሌሎች የመስክ አበቦች ንቡን ቀልበውት ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ይሆናል። ሰማዩ ስለሚጠራ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የደጋው ውርጭ የሚጀምረውም በዚሁ ሰሞን ነው። ከፈቃዱ ከጽጌ ጾም በቀር ከዘመን መለወጫ እስከ ኅዳር 14 ረጅም ጾም የለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል እነዚህን ነገሮች በሦስት ቃል ይይዛቸዋል፤ ብርዱን፣ የከብቱን መፋፋትና ሥጋ የተፈቀደበትን ጊዜ። የጥር ሠርግም እንዲሁ ነው፤ እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ ገና አልፏል፣ ዐቢይ ጾም ገና ነው።

ጾሙን ከእርሻው ጋር አስተያይቶ ማየት ከዚህ ጉዳይ እጅግ ሀብታሙ ክፍል ይመስለኛል። ባቄላና አተር እስከ ታኅሣሥ ተወቅተው ያልቃሉ። ሽምብራ ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል በጥቁር አፈር ላይ ተዘርቶ መሬቱ በያዘው እርጥበት ያድጋል፤ እሸቱ በታኅሣሥና በጥር ይበላል፣ ፍሬው እስከ የካቲት ይሰበሰባል። ዐቢይ ጾም ቢቀድም ከየካቲት 1 አይወርድም፣ ቢዘገይ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ይህም ማለት የሽሮው፣ የክኩና የምስሩ ወጥ ለ55 ቀን ዋና ምግብ የሚሆነው ጥራጥሬ በዓመቱ ከሁሉ ይበልጥ በተትረፈረፈበት ጊዜ ነው። ተልባው፣ ሱፉና ኑጉም የተሰበሰቡት ከዚያ በፊት ነው፤ ከባቄላና ከሱፍ የሚዘጋጀው ስልጆም የዚህ ሰሞን ምግብ ነው። በግጦሽ ብቻ የምትኖር ላም ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ሣሩ ሲደርቅ ወተቷ ይቀንሳል ወይም ትነጥፋለች። ጾሙ ወተትን የሚከለክለው ወተት ራሱ በሚያንስበት ወር ነው ማለት ነው።

ይሁንና ጾሙ ለእርሻው ተብሎ የተሠራ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። የጾሙ ሥርዓት መነሻው ሃይማኖታዊ ነው፤ በዐቢይ ጾም ላይ የተገጣጠመውም በሌላው ላይ አይገጥምም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ሣሩ ለምልሞ ወተቱ መጨመር የጀመረበትና ጎተራው የጎደለበት ጊዜ ነው። ረመዳን ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተዋል። እንዲህ ሲገጥም ወተትና ሥጋ ከአንዱ ወገን የሚያጡትን ገዢ ከሌላው ወገን በከፊል ያገኛሉ፤ ሽንኩርት፣ ዘይትና ጥራጥሬ ግን በሁለቱም ቤት ይፈለጋሉ። በ2019 ዓ.ም. ሁለቱ አንድ ወር ያህል ስለሚራራቁ የገበያው መልክም ይለወጣል። የዋጋ ንረትን የሚከታተሉ ተቋማት የጾምን ቀን መቁጠሪያ እንደ ዝናብ ትንበያ ያህል ቢመለከቱት ብዙ ነገር አስቀድሞ በታወቀ ነበር።

በውጭ አገር ለሚኖረው ወገን ነገሩ ይገለበጣል። በዋሽንግተንም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች ፍልሰታ የሚውለው ቲማቲሙ፣ ዝኩኒውና ፍራፍሬው ሁሉ በሚረክስበት በበጋቸው መካከል ነው፤ እዚህ የችግር ሰሞን የሆነው ጾም እዚያ ትኩስ አትክልት የሞላበት ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ በአብዛኛው የብርዳቸው መገባደጃ ላይ ስለሚገባ የዚያ አገር መሬት ብዙም ያልሰጠበት ነው፤ የሚያዋጣውም አሁንም ያው ከአገር ቤት የተላከው ሽሮና በርበሬ ነው።

ይህ የተላከ ሽሮ ወደ ዋናው ነጥብ ይመልሰናል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ በሶ፣ ድርቆሽ እንጀራ፣ ቆጮ፦ ከአገሩ ምግቦች ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ብዙዎቹ የማቆያ ዘዴዎች ናቸው። የማረቆም ሆነ የሌላ አካባቢ በርበሬ ከተለቀመ በኋላ በበጋው ፀሐይ ይደርቃል፣ ይቀነጠሳል፣ ከቅመሙ ጋር ተደልዞ እንደገና ይሰጣል፣ ይፈጫል፤ ይህ ሁሉ ዝናብ በሌለባቸው ወራት ካልተሠራ በሰኔ የሚሞከር አይደለም። ሥጋው በደረቅ አየር ይዘለዘላል። ቅቤው በረከሰበት ወር ተነጥሮ ይቀመጣል፤ በማንጠር ውኃው ስለሚወጣ ቶሎ አይበላሽም። እህሉ በጎተራ፣ በሐረርጌ ደግሞ በጉድጓድ ይከማቻል። ወቅትን ተከትሎ መኖር ማለት እንግዲህ በየወሩ የሚሠራ የማቆየት ሥራ ነበር። ሥራውን የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ይህ ድካም «ባህላዊ አመጋገብ» ሲወደስ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

እንሰት በዚህ ረገድ ብቻውን ሊጠና የሚገባው ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ኑሮ አለው ተብሎ ይገመታል። ተክሉ ለመድረስ በርከት ያሉ ዓመታት ይፈልጋል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በየትኛውም ወር ሊፋቅ ይችላል። ሰብሉ ቆሞ ሳለ ራሱ ጎተራ ነው። የተፋቀውም በጉድጓድ ውስጥ እየቦካ ለወራት ይቀመጣል። ጉራጌው ለመስቀል ክትፎውን በቆጮ ሲበላ በአንድ ገበታ ላይ የሁለት ዓይነት ጊዜ ውጤት ይገናኛል፤ ክረምት ያፋፋው ከብትና ወቅት የማያስጨንቀው እንሰት። በእህል ብቻ የሚተዳደረው ሰሜን ይህን መሰል መጠባበቂያ የለውም፤ በታላላቅ ድርቆች ጊዜ የእንሰት አካባቢዎች የተሻለ የመቋቋም አቅም ነበራቸው የሚባለውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ሸማቹ በየዓመቱ ግራ የሚጋባበት አንድ ነገር አለ፤ አገሩ ሁሉ በዝናብ ርሶ ሳለ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ለምን ይወደዳሉ? መልሱ ቀላል ነው፤ የእነርሱ ወቅት ክረምት አይደለም። ለከተማው የሚቀርበው ሽንኩርት በአብዛኛው የሚመረተው በመቂና በዝዋይ ዙሪያ፣ በአዋሽ ሸለቆ፣ በፎገራና በቆቦ ሲሆን የሚመረተውም በበጋ በመስኖ ነው። ፀሐይ ሲበዛና አየሩ ሲደርቅ በሽታው ይቀንሳል፣ የሽንኩርቱም ራስ በደንብ ይደርቃል። በክረምት ግን ማሳው ውኃ ይቋጥራል፣ የፈንገስ በሽታ ይስፋፋል፣ የተሰበሰበውም ስለማይደርቅ ቶሎ ይበሰብሳል። ቲማቲምን ደግሞ ዋግ ያጠፋዋል። ብዙ አርሶ አደርም በክረምት መሬቱን ለእህል ያውለዋል። አቅርቦቱ እንዲህ ሲመነምን ፍላጎቱ ያሻቅባል፤ ፍልሰታ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ እንቁጣጣሽና መስቀል ይደርሳሉ፣ የበዓል ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ይጠጣል። የመንገዱ ጭቃና የደላላው ሰንሰለት ዋጋውን እንደሚያባብሱት አያጠራጥርም። ነገር ግን በየነሐሴው «ነጋዴው ደበቀው» ብሎ መደምደም ነገሩን ከግማሽ በታች መረዳት ነው። ቢደበቅ ኖሮ ደግሞ በተሻለ፤ በአግባቡ ደርቆ አየር በሚያገኝ መጋዘን ከግንቦት እስከ ነሐሴ የተቀመጠ ሽንኩርት ቢኖር ዋጋው በዚያ መጠን አይዘልም ነበር።

በየሰፈሩ የተከፈቱት የእሑድ ገበያዎች ገበሬውንና ሸማቹን ያቀራርባሉ፣ የመካከለኛውን ትርፍ ይቀንሳሉ፤ የሌለውን ሽንኩርት ግን አይፈጥሩም። የበጋ መስኖውም የራሱ ሽሚያ አለው። መንግሥት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመስኖ ስንዴን በስፋት አስፋፍቶ በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን አስታውቋል። ስንዴው ለዳቦ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሆኖም ስንዴውም ሽንኩርቱም የሚፈልጉት ያንኑ የበጋ ውኃና ያንኑ ማሳ ነው። አንዱን ለማስፋት የሚወሰነው ውሳኔ ሌላውን በየትኛው ወር እንደሚያሳንሰው አስቀድሞ መታየት አለበት።

«ከቅርብ የመጣ ትኩስ» የሚለውም ምክር በአዲስ አበባ በጥንቃቄ ይወሰድ። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ከማንኛውም አትክልት የበለጠ ለከተማው ቅርብ ነው፤ የሚጠጣው ውኃ ግን ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ የተቀላቀለ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በክረምት ጎርፍ ሲጨመርበት በጥሬው የሚበላ ቅጠል ለተቅማጥ በሽታዎች በር ይከፍታል። ጎመንን አብስሎ መብላት እዚህ አገር ልማድ የሆነው ለጣዕሙ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ስለ ወቅት ሲጻፍ በናፍቆት መጻፍ ቀላል ስለሆነ ሌላውን ገጽታ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ወቅትን ተከትሎ መብላት ለብዙ ገጠሬ ምርጫ አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳውና ግብሩ የሚከፈለው እህሉ በገባበት ሰሞን ስለሆነ ገበሬው በጥር ርካሽ ሸጦ በሐምሌ ውድ ይገዛል። ጎተራው ቢሞላም ነቀዝ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ማዕዱ ወደ አንድና ሁለት ዓይነት ምግብ ይጠብባል፤ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳሉ። ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባው ስርጭት ከፍ ይላል፤ አጨዳው የሰው ጉልበት በሚፈልግበት ጊዜ ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለተጠቃሚዎች በዓመት ለስድስት ወር ያህል ድጋፍ እንዲሰጥ የተቀረጸው ይህ ጉድለት ድንገተኛ ሳይሆን በየዓመቱ የሚመለስ መሆኑ ታምኖበት ነው።

ወቅቱ ራሱ ደግሞ እንደ ቀድሞው አይታመንም። በልግ በሰሜን ሸዋ፣ በደቡብ ወሎና በባሌ ለሚገኙ ብዙ ቀበሌዎች ከክረምቱ በፊት የሚደርስ ሰብል ይሰጥ ነበር፤ ሲቀር የሰኔው ክፍተት ይረዝማል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ ክረምቱም ሲሳሳ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የዕለት እርዳታ ፈላጊ ሆነዋል። ታጭዶ በተከመረ ነዶ ላይ በኅዳር የሚጥል ዝናብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት ነው፤ እህሉ ይበቅላል ወይም ይሻግታል፣ የሻገተ እህል ደግሞ ለጤና አደገኛ የሆነ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ቦረናና የሶማሌ ቆላ የሚጠብቁት ዝናብ በጸደይ (በበልጉ ሰሞን) እና በመፀው የሚመጣ ስለሆነ የደጋው ክረምት ለእነርሱ ደረቅ ነው፤ ለአገሩ ሁሉ አንድ የአመጋገብ ቀን መቁጠሪያ ማውጣት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ለከተማ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ዝርዝር ነው። ጥራጥሬን በታኅሣሥና በጥር፣ ቅቤና ማርን በጥቅምትና በኅዳር፣ ሽንኩርትን ከጥር በኋላ በደረቅነቱ መርጦ መግዛት ያዋጣል፤ በክረምት የሽንኩርቱን መጠን ቀንሶ በጎመን፣ በድንችና በእሸት መተካት ኪስንም ማዕድንም ይጠቅማል። ይህ ግን ቦታ ይፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሲነደፉ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ታስቦላቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ዛሬ ለሌላ አገልግሎት ተከራይተዋል። ከእነርሱ በኋላ በተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙዎቹ ላይ ደግሞ በርበሬ የሚሰጣበት ጣሪያ ለነዋሪው አይከፈትም፣ ኩንታል ጤፍ የሚያስቀምጥ ጓዳም የለም፤ እዚያ የሚኖር ሰው በሳምንት በሳምንቱ በኪሎ ስለሚገዛ የነሐሴውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። በመቂና በፎገራ ማኅበራት እጅ የሽንኩርት ማድረቂያና ማቆያ መጋዘን ማቆም፣ በከተማው ደግሞ የጋራ ሕንፃዎቹን ለተሠሩበት ሥራ መመለስ አዲስ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መጋዘን እንደ መስኖው ሁሉ በጀት እንዲያዝለት ነው።